የመምህር ወንዳፈራሁ የነሐሴ ልምምድ

መምህር ወንዳፈራሁ መሐል ሜዳ በምትባለው ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት ስፖርት አስተምረዋል። የከተማውን የእግር ኳስ ቡድን የሚያሠለጥኑትም እሳቸው ነበሩ። ውድድሩ ጥቅምት ላይ ስለሚጀምር ዝግጅቱ ነሐሴ ላይ ነው፤ በዝናብ፣ በጭቃ፣ በፍልሰታ ጾም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ኳስ የሚባል ነገር አይታይም። ተጫዋቹ ጓደኛውን አዝሎ ዳገቱን ይወጣል፣ አዝሎት ይወርዳል። ውሃ ክልክል ነው። "ውሃ የጠጣ አይሮጥም" ይሉ ነበር። እሳቸውም በወጣትነታቸው የሠለጠኑት እንዲሁ ነው።

ጡረታ ከወጡ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ባለፈው ነሐሴ የቀድሞ ተማሪያቸው ገሊላ የሴቶች ቡድን አሠልጣኝ ሆና መጣችና፣ "ጋሼ፣ ልምምዳችንን መጥተው ይዩልን" አለቻቸው። ሄዱ።

ልጆቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በኳስ ነው የሚሠሩት። ጿሚዎች ስላሉ ልምምዱ ከቅዳሴ መልስ፣ እህል ከቀመሱ በኋላ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። በየሩብ ሰዓቱ ፊሽካ ይነፋና ውሃ ይጠጣል። መምህሩ በልባቸው፣ "ይሄ ሽርሽር ነው እንጂ ልምምድ ነው?" አሉ።

ይህን እያሰቡ ሳለ ሲና የምትባል ተከላካይ ሩጫዋን አቋረጠች።

"ኮች፣ ጉልበቴን እያመመኝ ነው።"

"የቱን?" አለች ገሊላ።

"ቀኙን። ከትናንት ጀምሮ።"

"በቃ፣ ውጪ። እስኪሻልሽ አትሮጪም። ነገ ጤና ጣቢያ አብረን እንሄዳለን።"

ይኸው ነው። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ልምምዱ ቀጠለ፤ የመምህሩ ዐይን ግን ከዚያ በኋላ ኳሷን አልተከተለም። ፍቅረ ሥላሴ ትዝ አላቸው።

ፍቅረ ሥላሴ የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት የቡድኑ ግራ ክንፍ ነበር። ለመስከረም ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ክለብ ለሙከራ ጠርቶት ነበር። በዚያ ነሐሴ ጉልበቱ አብጦ "አመመኝ" ሲላቸው፣ "ሲሞቅ ይለቅሃል" ብለው ግዙፉን በረኛ ይሥሐቅን አሳዘሉት። ቁልቁለቱ ላይ ወደቀ። ወጌሻ አሸው፤ ሐኪምም አየው፤ እግሩ ግን አልታጠፍ እንዳለ ቀረ። ሙከራውም ቀረ።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍረው ቀየት ወደምትባል ከተማ ሄዱ። ፍቅረ ሥላሴ እዚያ ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናውን በቀኝ እግሩ ብቻ እየረገጠ፣ ግራውን ዘርግቶ ይሰፋል። ሲያያቸው ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሣ።

"ተቀመጥ፣ በሞቴ" አሉት። ሰላምታውን እንደ ነገሩ ጨርሰው፣ "ያን ቀን አመመኝ ስትለኝ አልሰማሁህም። ይቅር በለኝ ልልህ ነው የመጣሁት" አሉ።

ፍቅረ ሥላሴ የያዘውን ጨርቅ አስቀመጠ።

"ጋሼ፣ አንድ ቀን አይደለም። ሰኞ ነገርኩዎት፤ ማክሰኞ ነገርኩዎት፤ ረቡዕ ነገርኩዎት። የወደቅሁት ሐሙስ ነው።"

መምህሩ የሚያስታውሱት አንዱን ቀን ብቻ ነበር። ሌሎቹን ቢፈልጓቸው አጧቸው።

ፍቅረ ሥላሴ ራሱ አዘነላቸው። "ያኔ እኮ ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚያሠለጥነው። ማን ያውቅ ነበር?"

"የውሃውን አላውቅም ነበር" አሉ መምህሩ። "ማዘሉም ጉልበት የሚያጠነክር ይመስለኝ ነበር። አንተን ግን ሰምቼሃለሁ። አልሰማሁህም ያልኩህ ውሸት ነው። አንዱን ካሳረፍኩ ሁሉም ዕረፍት ይለምድብኛል ብዬ ነው።"

"እግዚአብሔር ይቅር ይበለን" አለ ፍቅረ ሥላሴ። ከልቡ ነበር።

መምህሩ ትንሽ ቀለል አላቸውና፣ "ቅዳሜ ገሊላ የምታሠለጥናቸው ልጆች የወዳጅነት ጨዋታ አላቸው፤ ና አብረን እንይ" አሉት።

"አይ ጋሼ፣ ይቅርብኝ። ኳስ አላይም። በቴሌቪዥን እንኳ ሲመጣ አጠፋዋለሁ።"

አንዲት እናት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ልታስጠብብ ገባች። መምህሩ ተሰናብተው ወጡ። ሚኒባሱ ቶሎ አልሞላም። አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት ፊታቸውን አይታ፣ "ደህና አይደሉም እንዴ አባቴ?" አለቻቸው።

"ደህና ነኝ ልጄ" አሉ። "የድሮ ተጫዋቼን ጠይቄ መመለሴ ነው።"