መልካሙ ወንፈል የገባ ዕለት

መልካሙ ሃያ አራት ዓመት ሞልቶታል፤ እናቱ አስካለ ግን እስካሁን የሚታጠብበትን ውሃ በእጇ ሳትለካ አታቀርብለትም። የሚወቅሳት ሰው ከእሱ በፊት ሁለት ልጆች መቅበሯን አይርሳ። ይህችው ምስኪን ሴት ሞት እንዳያገኝባት ስትል ከኑሮም ሸሸገችው። ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰው "መንገዱ ሰላም አይደለም" ብላ አለቀሰች፤ ቀረ። አባቱ ሲሞት ሞፈር ልያዝ ቢል መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠችው። እኩዮቹ አግብተው ወልደዋል። እሱ ስልኩን እየነካካ ይውላል፤ ያለ ምክንያት ልቡ ይመታል፤ እንቅልፍ ካጣ ቆይቷል።

ባለፈው ኅዳር ግን ቆረጠ። ጎረቤታቸው አያ ጥጋቡ ገብስ ለማሳጨድ የወንፈል ተራቸው ደርሶ ነበር። ወንፈል ላይ ቀኑን የዋለ ሰው በተራው ይዋልለታል። መልካሙም አንድ ቀን ከተቆጠረለት፣ ለከርሞ መሬቱን ራሱ ሲያርስ ሰዎቹ ይመጡለታል። የፈለገው ይህንኑ ነበር፤ ከወንዶቹ ጋር መቆጠር።

የአባቱን ማጭድ ይዞ ማለዳ ሾልኮ ወጣ። መዳፉ ውሃ ቋጠረ፤ ወገቡ ዛለ። ቢሆንም ሦስት ነዶ በእጁ አሰረ። ከጎኑ የሚያጭደው ዘመኑ "እጅህማ የሙሽራ እጅ ነው!" ብሎ ቀለደበት። መልካሙ ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቡ ሳቀ።

ፀሐዩ ከረር ሲል አስካለ ጃንጥላ ይዛ ደረሰች። ከአርብ ገበያ የቀጠረችው የቀን ሠራተኛ ተከትሏታል።

"አያ ጥጋቡ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ልጄን አሞታል። በሱ ፈንታ ይኸ ይጨድልዎ" አለች።

መልካሙ "ደኅና ነኝ" ሊል ቀና አለና አጫጆቹን አየ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁበት ይሻለው ነበር። ዘመኑ አቀርቅሮ ማጨዱን ቀጠለ። መልካሙ ማጭዱን ለሠራተኛው ሰጥቶ በእናቱ ጃንጥላ ሥር ወደ ቤት ተመለሰ።

በሳምንቱ አያ ጥጋቡ ራሳቸው ደጅ ቆመው ተጣሩ።

"መልካሙ! ነገ የዘመኑ ወንፈል ነው። እናትህን እኔ አነጋግራታለሁ፤ ማጭድህን ይዘህ ና።"

አስካለ ውሃ ልትቀዳ ወርዳለች። የሚከለክለው ሰው አልነበረም። ማጭዱ ተመልሶ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። መልካሙ ግን ያ የአጫጆቹ ዝምታ ትዝ አለው፤ ልቡም መምታት ጀመረ።

"አሞኛል፣ አያ ጥጋቡ" አለ።

ሽማግሌው "እግዜር ይማርህ" አሉና ሄዱ። መልካሙ ጋቢውን ተከናንቦ ተኛና እናቱ እስክትመለስ ጠበቀ።