አለምሰገድ የሣላት መኪና

አለምሰገድን የማውቀው በጀርባው ነው። ጅቡቲ ውስጥ፣ ከወደቡ ብዙም በማትርቅ አንዲት ጠባብ የትራንዚት ቢሮ አምስት ዓመት አብረን ስንሠራ፣ እኔ በሩ ጋ ተቀምጬ ስልክ አነሣለሁ፤ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ኮምፒዩተር ይጎረጉራል። ሸሚዙ ላይ ላቡ ደርቆ የሚተወውን የጨው መስመር አይቼ፣ ሰዓት ሳላይ ምሳ መድረሱን አውቅ ነበር።

ድሬዳዋ እያለ የባቡር ቲኬት ቆራጭ ነበር። ባቡሩ ሲቆም ከባቡሩ የተረፈውን ፈረንሳይኛ ይዞ መጣ፤ የድረ ገጽ ሥራንም ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ብቻውን ተማረ። የመኖሪያ ፈቃድ ግን አልነበረውም። ወረቀት የሌለው ሰው ከጅቡቲ መውጣቱ አያቅተውም፤ መመለሱ ነው ጣጣው። ልጁን አበሩን በአራት ዓመቷ ትቷት እንደመጣ፣ ዘጠኝ እስኪሞላት በስልክ አሳደጋት። ሄዶ አይቷት እንጀራው ወዳለበት መመለስ፣ ከዚያ ሌላ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አልነበረም።

የቢሮው ባለቤት ሐጂ አብዱልፈታሕ ለዕቃ አስመጪዎች ድረ ገጽ አሠርተው ነበር። ባለዕቃው የኮንቴነሩን ቁጥር ያስገባል፣ ገጹ ዕቃው የት እንደደረሰ ይነግረዋል። ይነግረዋል ማለት ከተነፈሰ ነው። ሰርቨሩ አሮጌ፣ መስመሩ ቀርፋፋ፤ ሰው ነጭ ገጽ ላይ አፍጥጦ አፍጥጦ ሲመረው ወደ እኔ ይደውላል። ቀትር ላይ ጆሮዬ ይግላል።

በ2013 በፈረንጆቹ፣ ረመዳን ሁለት ወር ሲቀረው፣ ሐጂ ከአለምሰገድ ጀርባ ቆሙና «ስማ፣ እስኪከፈት ድረስ የሚያዩት ነገር አድርግላቸው። እስከ ረመዳን ስልኩ ካረፈ የቋሚነት ውልህን እፈርማለሁ። በሱ ወረቀትህን ታወጣለህ» አሉት።

ሌላው የሙያ ሰው የምትዞር ክብ አድርጎ ይገላገላል። የኛ ሰው ግን የባቡር ቤት ልጅ ነው፤ የሚሄድ ነገር ይወዳል። ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና በካሬ ደብተር ላይ አሥራ ሁለት ጊዜ ሣለ፣ ሥዕሎቹ ሲከታተሉ ጎማዋ እንዲዞር፣ ከኋላዋ አቧራ እንዲነሣ። አሳየኝ። «ሹፌሩ የታል? ብቻዋን ነው እንዴ የጋላፊን ድንበር የምትሻገረው?» ብዬ ቀለድኩበት። በማግስቱ ከመስኮቷ የሹፌር ክርን አውጥቶላት መጣ። እንዲያ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ገጹ ላይ ሲያወጣት ስልኩ ዝም አለ። መጀመሪያ ተቆርጦ ነው ብዬ እያነሣሁ አዳመጥኩ። ሐጂ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር የአለምሰገድን ትከሻ መታ መታ ያደርጋሉ።

እዚህ ላይ የኛን ቢሮ አሠራር ልንገራችሁ፤ ሳስበው ያንገበግበኛል። ወረቀት የጎደለው ዕቃ ሲኖር እኛ ባለቤቱ ጋ አንደውልም። ፋይሉ የእኔ መሳቢያ ይገባል፤ ባለዕቃው መጨነቁ ስለማይቀር ራሱ ይደውላል፣ ያኔ እነግረዋለሁ። ስንት ዓመት እንዲህ ሠርተናል።

ረመዳን ሊገባ ዐሥር ቀን ሲቀረው አንድ የድሬዳዋ ነጋዴ ለሌላ ጉዳይ ደውሎ፣ «የኔዋማ መንገድ ላይ ናት፣ ስትሄድ እያየኋት ነው» አለኝ። ፋይሉ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። የጎደለውን ነግሬው ስልኩን ዘጋሁና እየሳቅኩ ለአለምሰገድ አወራሁት። እሱ አልሳቀም። ወረቀት የጎደለው ዕቃ ገጹ ላይ መልስ የለውም፤ መልስ ከሌለ ደግሞ መኪናዋ አትቆምም፤ የሚያቆማትን መስመር አልጻፈም ነበር። ሰዉ ደግሞ የገዛ መኪናውን የሚያይ መስሎታል።

«አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ፀዲ» አለኝ። «ከደቂቃ በኋላ ትቁምና ‹መረጃ የለም፣ ይደውሉ› ትበል። ዛሬ እጨርሰዋለሁ።»

«ከዚያ ስልኩ ይጮኻላ።»

ሐጂ ሐሙስ እፈርማለሁ ብለውታል። «እሺ፣ ሐሙስ ከፈረሙ በኋላ» አለ። እኔም መሳቢያዬን ከፍቼ መደወል እችል ነበር። የሱ ውል እንዳይበላሽ አልኩ፤ እውነቱን ለመናገር ጆሮዬም ማረፉን ወዶት ነበር። ሐሙስ ጫት ቀድሞ ገባ፤ ጫት ከገባ ሐጂ አይፈርሙም። ፊርማው ወደ ረመዳን መግቢያ ተዛወረ። ረመዳን ሲገባ ደግሞ «ከዒድ በኋላ፣ ኢንሻአላህ» ሆነ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኛም ዝም አልን።

ከዒድ በኋላ በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት ገቡ፤ ሀኪማ የሚባሉ፣ ድሬዳዋ ቴምር የሚነግዱ። አንድ ኮንቴነር ቴምር ለረመዳን ማፍጠሪያ አስመጥተው፣ አንድ ፊርማ ጎድሎበት፣ በሐምሌ ፀሐይ ወደብ ላይ አርባ ቀን ተቀቅሏል። ቴምሩን አይተውት ነው የመጡት፤ እጃቸው ይሸታል። አልጮኹም። ቢጮኹ ደስ ባለኝ። ስልካቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። መኪናዋ ትሄዳለች፤ ክርኑም ከመስኮቱ ወጥቷል።

«ልጄ ማታ ማታ እየከፈተች ታሳየኝ ነበር። ይቺ መኪና የኔ አይደለችም?»

አለምሰገድ ከአምስት ዓመት በኋላ ጀርባውን ከበሩ አዞረ። «አይደለችም እህቴ» አላቸው። «የማንም አይደለችም። እኔ ነኝ የሣልኳት።»

ሴትየዋ «ቆንጆ ናት» ብለው ስልካቸውን አንሥተው ወጡ።

ሐጂ ጥፋተኛ ማን እንደሆነ ለመምረጥ አልተቸገሩም። ውሉ ቀረ፣ ሥራውም ቀረ። እኔ አፌን ይዤ ተቀመጥኩ፤ ውስጡ ያለው ፋይል የሚያጋልጠኝ ይመስል የዚያን ቀን መሳቢያዬን ቆልፌ ነው የሄድኩት። በመስከረም ፖሊሶች ወረቀት የሌላቸውን ሲሰበስቡ እሱንም ከሚኖርበት ሰፈር ከኳርቲየ ሁለት ወሰዱትና በጭነት መኪና ድንበር አድርሰው ጣሉት። ልጁን አበሩን አገኛት። አንዴ ደውሎ፣ «ድምፄን ታውቀዋለች፣ ፊቴን ነው የፈራችው። ስልክ ላይ እሻላት ነበር መሰለኝ» አለኝና ሒሳቡ አልቆ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ አልሰማሁትም።

በሱ ቦታ የመጣው ሠራተኛ መኪናዋን አጥፍቶ «መረጃ የለም፣ ይደውሉ» የሚል ጻፈ። ስልኩ ሦስት ቀን ሙሉ ጮኸ፤ ግማሹ የሚጠይቀው መኪናዋ የት ሄደች ብሎ ነው። ሐጂ ተናደዱና አስመለሷት። አሁንም ትሄዳለች።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ደወሉ። ቁጥራቸውን ሰምቼ መሳቢያዬን ሳብኩ፤ ፋይሉ አለ። ሐጂ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

«ስትሄድ እያየኋት ነው» አሉኝ ሴትየዋ። «እየመጣች ነው አይደል?»

«አዎ እህቴ» አልኳቸው።