ጉብታው የጎደለው ኮከብ፦ ከመካኒሳ እስከ ፉሪ ሥር

አርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቴሌስኮፔን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከመካኒሳ ተነሣሁ። የምሄደው ሩቅ አይደለም፤ ከክፍለ ከተማችን ጫፍ፣ ወደ ፉሪ ተራራ ግርጌ ነው። ግን የሁለት ዓመት ድካሜ በዚህች አጭር መንገድ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ቀን ቀን ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ በተረፈኝ ጊዜ ሁለተኛ ዲግሪዬን እሠራለሁ። የማጠናው አንድ ኮከብ ነው። አንድ ልበለው እንጂ ሁለት ናቸው፤ ሊነካኩ ምንም ያህል አልቀራቸውም፤ ሰባት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ተዟዙረው ይጨርሳሉ። አንዱ ሌላውን ሲጋርድ ብርሃናቸው ይቀንሳል፣ ጎን ለጎን ሲሆኑ ይጨምራል። በግራፍ ሲወጣ በአንድ ዙር ሁለት ጉብታ ይሠራል። ጉብታዎቹ እኩል መሆን ነበረባቸው። ባለፈው ዓመት ከቤቴ ጣሪያ ላይ ስለካ ግን ሁለተኛው ዝቅ ብሎ አገኘሁት።

እንዲህ ያሉ ኮከቦች በፍጥነት ስለሚሾሩ መግነጢሳዊ ኃይላቸው ብርቱ ነው። ያ ኃይል ከውስጥ የሚወጣውን ሙቀት አንዳንድ ቦታ ላይ ያፍነዋል፤ የታፈነው ቦታ ቀዝቀዝ ብሎ ይጠቁራል። ፀሐያችንም እንዲህ ያለ ጥቁር ነጠብጣብ አላት፤ የእነሱ ግን እጅግ ሰፊ ነው። አገኘሁት ብዬ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፍኩ። አማካሪዬ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ ከኮከቡ ሳይሆን ከጣሪያሽ የመጣ ነው» አሉኝ። «የመንገዱ መብራት አለ፣ የመኪናው ጭስ አለ። ጨለማ ቦታ ሂጂና ድገሚው። ጉድለቱ እዚያ ከሌለ ምዕራፉን ከጽሑፍሽ ታወጪዋለሽ።»

መንገዱ

ጎፋ ላይ ወርጄ ሳስጠግነው የነበረውን ባትሪ ተቀበልኩና ወደ ሀይሌ ጋርመንት የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። ሾፌሩ ጥቅሉን በመስታወት እያየ፣ «እህት፣ መድፍ ነው ወይስ ቦይለር?» አለኝ።

«ቴሌስኮፕ ነው።»

«ይሁን፤ ወንበር ግን ይዟል። የሁለት ሰው ትከፍያለሽ።»

ከፈልኩ። ሀይሌ ጋርመንት ላይ ደግሞ ሌላ ታክሲ፣ ሌላ ክርክር፣ ሌላ የሁለት ሰው ሂሳብ። ሕንጻዎቹ እየሳሱ፣ በመካከላቸው የጎመን መደብና የቆርቆሮ አጥር እየበዛ ሄደ። አስፋልቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ጋሽ ቱሉ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

ጋሽ ቱሉ ለሰፈራችን ወተት የሚያመላልሱ፣ እዚያው አካባቢ ተወልደው ያረጁ ገበሬ ናቸው። ጤፍ ይዘሩበት የነበረው ማሳ ዛሬ ባለ አራት ፎቅ ሆኗል፤ የቀራቸው ግቢያቸውና ሦስት ላሞች ናቸው። «አካም ጅርቱ?» አልኳቸው፤ ከኦሮምኛ የማውቀው እሱን ብቻ ነው። ሳቁና ባትሪውን ተቀብለውኝ በአማርኛ ቀጠሉ። ቤት እንደገባን ትኩስ ወተትና ጭኮ ቀረበልኝ።

አርብ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት

ቴሌስኮፑን ተክዬ ሳበቃ ከጎረቤት አጥር ላይ ፓውዛ ቦግ አለ። ግቢው በሙሉ እንደ ቀን ሆነ። እንደዚህ ከሆነማ ምነው ጣሪያዬ ላይ በቀረሁ! ጋሽ ቱሉ ይዘውኝ ሄደው በር አንኳኩ።

የከፈቱልን ወይዘሮ አስቴር ይባላሉ፤ ከወላይታ መጥተው እዚህ ቤት የሠሩ፣ በሰፈሩ የጸሎት ቡድን የሚመሩ ሴት ናቸው። የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«መብራቱ እኮ ለሌባ ነው» አሉ።

«ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ከብቶቼን ስጠብቅ እኔም እዚሁ ነኝ» አሉ ጋሽ ቱሉ።

ወይዘሮ አስቴር ጥቂት አሰቡና፣ «እሺ፣ አጠፋዋለሁ። ግን እኔም መጥቼ አያለሁ» አሉኝ።

ነጠላቸውን ተከናንበው መጡ። ዓይናቸውን ከቴሌስኮፑ ላይ ሳያነሱ፣ «አንድ ነጥብ ናት። ሁለት ናቸው አላልሽም?» አሉ።

«ለዓይን አንድ ናቸው። ማንም ለያይቶ አያያቸውም።»

«ታዲያ በምን አወቅሽ?»

«አንዱ ሌላውን ሲጋርድ ብርሃኑ ይቀንሳል። በዚያ ነው።»

«ጌታ ሆይ!» አሉና እንደገና አጎነበሱ። ካሜራውን ለመግጠም ስጣደፍ እሳቸውን ከቴሌስኮፑ ማላቀቅ ከፓውዛው የባሰ ሆነብኝ።

ከጎኑ ካለ ብርሃኑ ከማይለዋወጥ ኮከብ ጋር እያነጻጸርኩ ለካሁ። ሁለት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ጉብታ ደረሰ፤ ልክ እንዳምናው ነበር። ሁለተኛው ከመውጣቱ በፊት ኮከቡ ስለሚጠልቅ እስከ ነገ ምሽት መጠበቅ ነበረብኝ።

ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ ሰማዩን እያየሁ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ከተራራው በኩል ደመና መጣ፤ ሲመሽ ተበታተነ። ፓውዛው ሳይነገረው ጠፋ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሁለተኛው ጉብታ ወጣ፤ ቁጥሮቹን ደመርኩ፣ ቀነስኩ፣ ደገምኩ። ከትናንቱ ጋር እኩል ነው። ጉድለት የሚባል ነገር የለም።

አማካሪዬ ልክ ነበሩ ማለት ነው። ካሜራውን ነቅዬ በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ።

ጋሽ ቱሉ አጠገቤ ተቀመጡ። «ምነው ልጄ?»

ነገርኳቸው። ሰሙኝና፣ «ባለፈው አንዷ ላሜ ወተት ቀነሰች» አሉ። «መስፈሪያው ነው እንዴ ብዬ በሌላ መስፈሪያ ሰፈርኩ፤ ሙሉ ሆነ። ያን ጊዜ አሮጌውን ጣልኩት?»

«አልጣሉትም?»

«እንዴት እጥላለሁ! ላሟ እኮ እስከዚያ ተሽሏት ይሆናል። መልሼ በአሮጌው ሰፈርኩ። በእሱም ሙሉ ሆነ። አሞ የተዋት እሷን ነበር።»

ከበርጩማዬ ተነሣሁ። ጣሪያዬ ላይ ዘንድሮ አልለካሁም! ኮከቡ አምና እንደነበረው ነው ብዬ ደምድሜ ነበር የመጣሁት።

ወደ ቤት

እሁድ ጠዋት ወይዘሮ አስቴር ጸልየውልኝ ሸኙኝ። በመጣሁበት መንገድ፣ አሁንም የሁለት ሰው እየከፈልኩ፣ መካኒሳ ገባሁ። ያን ዕለት ምሽት ጣሪያዬ ላይ የመጀመሪያውን ጉብታ፣ ሰኞ ምሽት ሁለተኛውን ለካሁ። የመንገድ መብራቱ እንዳለ ነው፤ ጭሱም እንዳለ ነው። ሁለቱ ጉብታዎች ግን እኩል ሆኑ።

ጉድለቱን የፈጠረው ጣሪያዬ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ይፈጥረው ነበር። የተለወጠው ኮከቡ ራሱ ነው፤ ጥቁሩ ነጠብጣብ በአንድ ዓመት ውስጥ ከስሟል። አማካሪዬ የአራቱን ምሽት ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጠው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «ምዕራፉ ይቆይ» አሉ በመጨረሻ። «እንደገና ግን ትጽፊዋለሽ። የነጠብጣብ ሳይሆን የለውጥ ምዕራፍ ነው።»

ጨለማ ፍለጋ ሄጄ ያገኘሁት ትምህርት ይህ ነው፤ መሣሪያዬን ስጠራጠር፣ የምለካው ነገር ራሱ ሊለወጥ እንደሚችል ረስቼ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ቱሉ ወተት ይዘው ሲመጡ በር ላይ ነገርኳቸው። ደስ አላቸው። ቀጥለውም፣ «እና ጥቁሩ ነገር ተመልሶ ይመጣል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አላውቅም» አልኳቸው። ያንን ቃል እንደዚያ ጠዋት ደስ ብሎኝ ተናግሬው አላውቅም።