ለአባቴ ትከሻ የቀነስኩት ባሩድ

አባቴ በንጉሡ ዘመን ወታደር ነበሩ። አገር ጥለው ሲወጡ እኔ ገና የምታዘል ሕፃን ነበርኩ። ፊታቸውን ያየሁት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ በ2000ዎቹ አጋማሽ እሳቸው በሞሉልኝ የፋሚሊ ፕሮሰስ ቪዛ አሜሪካ ስገባ ነው።

«አንተ በይኝ እንጂ፤ አባትሽ አይደለሁም?» ይሉኝ ነበር።

አፌ እምቢ አለኝ። «እርስዎ» እንዳልኩ ቀረሁ።

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ተከራይቼ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ እንከባከባለሁ፤ እሳቸው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ብቻቸውን ይኖራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ እሄድላቸዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ወሬ አልነበረንም። ስለ ሟች እናቴ ሲጠይቁኝ እመልሳለሁ፤ ከዚያ ተነስቼ ሻይ አፈላለሁ።

አንድ ቀን መኝታ ቤታቸው ወስደው ጠመንጃ አሳዩኝ። በወጣትነታቸው የያዙት ዓይነት አሮጌ ኤም ዋን ነበር፤ እዚያው ቨርጂኒያ ከአንድ ሱቅ የገዙት። አጠገቡ ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ሚዛንና የጥይቱን ጫፍ ቀለሁ ላይ ተጭኖ የሚከድን ባለ እጀታ ማተሚያ ብረት አለ።

«ጥይቱን የምሞላው ራሴ ነኝ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ኩራት የሰማሁት ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜያችን ሥራ አገኘ። እኔ የተተኮሱትን ቀለሆች አጸዳለሁ፤ እሳቸው ባሩድ ይመዝናሉ። ትከሻቸውን ኦፕራሲዮን ስለተደረጉ የጠመንጃውን ምት አይችሉትም፤ ስለዚህ ባሩዱን መቀነስ ነበረባቸው። ችግሩ ይሄ ጠመንጃ ቀለሁን ተፍቶ ቀጣዩን ጥይት የሚያጎርሰው በራሱ በባሩዱ ጉልበት ነው።

«በጣም ካነሰ አይሠራልኝም፤ ከበዛ ደግሞ ይሰብረኛል» አሉኝ። ልኩን ለማግኘት አንድ ክረምት ሙሉ ደከሙ። አገኙትም።

ግን ያም ቢሆን ተኩሰው በተመለሱ ቁጥር ትከሻቸው ይበልዛል። በረዶ እይዝላቸዋለሁ። ሥራዬ ላይ የአዛውንት ቆዳ እንዴት በቀላሉ እንደሚጎዳ አውቃለሁና አንጀቴ አልቻለም። አንድ ቅዳሜ ስልክ ተደውሎላቸው ወደ ሳሎን ሲወጡ፣ ተሞልተው ገና ካልተከደኑት ስምንት ቀለሆች ከእያንዳንዳቸው በትንሽ ማንኪያ ባሩድ ቀነስኩ።

ተመልሰው ልብ ሳይሉ ከደኗቸው፤ ከሰዓት በኋላ የተኩስ መለማመጃ ቦታ ሄድን። የመጀመሪያው ጥይት ድምፁ ሰለለ፤ ቀለሁም አልወጣም። በእጃቸው ስበው አወጡት። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። ተቆጣጣሪው ሮጦ መጥቶ አስቆማቸውና አፈሙዙን ፈተሸ።

«ማነው የመዘነው? አንዱ ጥይት አፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅሮ ሌላ ቢተኩሱበት ኖሮ ፊትዎ ላይ ይፈነዳ ነበር» አላቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ አባቴ።

«እኔ ነኝ» ማለት ሲገባኝ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመርኩ።

መኪና ውስጥ መሪውን ይዘው ሳይነዱ ቆዩ። «ዓይኔ ከድቶኛል ማለት ነው» አሉ።

«ሚዛኑ ይሆናል፣ አባባ።»

«ሚዛኑማ ደህና ነው፤ እኔ ነኝ።»

ሰኞ ወይ ማክሰኞ ደውዬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። አልደወልኩም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስደርስ ጠረጴዛው ባዶ ነው። ጠመንጃውንም ማተሚያውንም ሸጠዋል።

«በዚህ እጄ ሰው ብጎዳስ?» አሉኝ።

ያኔም አልተናገርኩም። ልገድላቸው እንደነበር ከነገርኳቸው ዳግመኛ በሩን አይከፍቱልኝም ብዬ ፈራሁ። ቀስ በቀስ መኪና መንዳት ተዉ። መድኃኒታቸውን ራሳቸው መቁጠር ተዉ፤ «አንቺ ቁጠሪልኝ፣ እኔ እሳሳታለሁ» ይላሉ። ቅዳሜ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተቀምጠን እንውላለን። ከዓመት በኋላ መርሳት ጀመሩ፤ በመጨረሻም የአረጋውያን መጦሪያ ገቡ።

እዚያ ነው የነገርኳቸው። አልጋቸው ጫፍ ተቀምጬ እጃቸውን ያዝኩ።

«አባባ፣ ባሩዱን የቀነስኩት እኔ ነኝ። እርስዎ አልተሳሳቱም። የመዘኑት ልክ ነበር።»

ከዚያ በትሕትና፣ እንግዳ እንደሚያናግር ሰው፣ «የምን ባሩድ ነው፣ እመቤት?» አሉኝ።

በየሳምንቱ እየሄድኩ ደግሜ ነገርኳቸው፤ አንድም ቀን አልገባቸውም። ቀብራቸው ላይ ሰዉ ሁሉ ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል እያለ አጽናናኝ። እኔ ግን እርጅና የጀመራቸውን ቀን አውቀዋለሁ።