ለጎፈሬ እግር የወጣ ቅቤ

ትናንት የጎረቤቴ ድመት በሊሾው ወለል ላይ ስትሮጥ ተንሸራታ ግድግዳ መታች። ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ጠጉራም ድመት ናት፤ ከመዳፏ ሥር የበቀለው ጠጉር መሬቱን ቆንጥጣ እንዳትይዝ አድርጓታል። የሚያይላት ሰው የለም። መቀስ አምጡልኝ አልኳቸው። ትንሹ ልጃቸው ያዛትልኝ። እግሯን ሳገላብጥ የቅቤ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ እዚያ ቤት ግን ቅቤ አልነበረም።

በልጅነቴ የነበረችን የእኛዋ ድመት ጎፈሬ ትባል ነበር። ጅቡቲ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ከነበሩት የእንጨትና የቆርቆሮ ቤቶች በአንዱ ስንኖር አንድ ግሪክ ባለሱቅ አገሩ ሲገባ ጥሏት ሄደ፤ እኔ አነሳኋት። ጠጉሯ መሬት የሚጠርግ ድመት በሰፈሩ ያየ አልነበረም። የሶማሌ ልጆች «ይቺ በግ መቼ ነው የምትታረደው?» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

ጎፈሬ ዓሣ ፍለጋ ወደ ባሕሩ ዳር ትወርዳለች። እዚያ ጀልባ የሚቀቡበት ቅጥራን በፀሐይ ቀልጦ ይፈሳል። አንድ ቀን እያነከሰች መጣች። በጣቶቿ መካከል ያለው ጠጉር ቅጥራንና አሸዋ ጠጥቶ እንደ ጠጠር ደርቋል። መርገጥ አቃታት። አይጦቹም ይህን ያወቁ ይመስል በጠራራ ፀሐይ ጓዳ ገቡ። እናቴ ፈረደች፤ «አይጥ የማትይዝ ድመት ምን ልትሆነኝ ነው? ነገ በጆንያ ወስዳችሁ ዓሣ ገበያ ጣሉልኝ!» አለቀስኩ። እሷ ዘንድ ለቅሶ ዋጋ አልነበረውም።

አባቴ ባቡሩ እሳት ውስጥ ከሰል በአካፋ የሚወረውር ሰው ነበር። እጁ ሸካራ፣ ንግግሩ ከእጁ የባሰ። እውነቱን ልናገር፤ ያ እጅ እኔን የሚያውቀኝ በጥፊ ብቻ ነበር። ከጉዞ ሲገባ ድመቷን አየና እግሯን ገለበጠ።

«ቅቤ አምጪ» አላት እናቴን።

«ለድመት እግር? አበድክ እንዴ፣ አንተ ሰው! ለሰው መች በቃ!»

«የእኔን ድርሻ ስጪኝ። ወጤን ያለ ቅቤ እበላለሁ።»

በዚያ ከተማ ቅቤ ረግቶ አያውቅም፤ ከድሬዳዋ መጥቶ እንደ ዘይት ከጠርሙስ ይንቆረቆራል። አባቴ ድመቷን በሥራ ሸሚዙ ጠቅልሎ አስያዘኝ። «አትጭመቃት፤ ልብስ አይደለችም» አለኝ። ቅቤውን በጣቶቿ መካከል እያሸ ቅጥራኑን አላላው። መዳፏን ጫን ሲላት ጣቶቿ ተፈለቀቁ። ከዚያ በእናቴ የስፌት መቀስ፣ ጫፉን ከሥጋዋ ወዲያ አዙሮ፣ ከመዳፏ ሥር የተረፈውን ብቻ ቆረጠ፤ ከላይ ያለውን ጌጧን አልነካም። አካፋ የለመደ እጅ እንዲያ ሲቀል ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ጎፈሬ ቧጠጠችው። «እኔም ብሆን እቧጥጥ ነበር» አላት።

እናቴ እያጉረመረመች መጣች፤ ጠርሙሱን ግን ይዛለች። «ያቺ የኋላኛዋ ገና አልለቀቀችም። ጨምርበት እንጂ፣ ንፉግ!»

ስንለቃት እግሮቿን አራገፈች፣ መሬቱን ሞከረችና ጓዳ ተወረወረች። ብዙም ሳይቆይ የአይጥ ጩኸት ሰማን። እናቴ ጆንያውን አጣጥፋ መለሰችው።

አባቴ እጁን አየ፤ በቅቤ ርሷል። «ቅቤ አይጣልም» አለና የእኔ አናት ላይ ጠረገው። ቀስ ብሎ። ድመቷን በነካበት አነካክ። ሌላ ጊዜ አላደረገውም።

ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስለ አባትነት የተጻፈ ብዙ አነበብኩ። አብዛኛው ወሬ ነው። የዛሬ አባቶች ልጆቻቸውን በየመንገዱ ሲስሙ አያለሁ፤ አልቀናም ብል ግን ውሸት ነው።

የጎረቤቴን ድመት ጨርሼ ለቀቅኳት፤ ሳትንሸራተት ሮጠች። ልጁ አጠገቤ ቆሞ ይስቃል። እጄን አየሁት። ደረቅ ነው፤ ሰበብ የሚሆን ቅቤ የለበትም። ቢሆንም አናቱን ዳበስኩት።