የአቡ ቁተይባ ቀኝ ጉልበት

ራውያ ሰው ሲራመድ ዝም ብላ ማየት አትችልም። ከሥራ ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ አንዱ እያነከሰ ካለፈ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ግራ ጉልበት፣ የውስጥ በኩል፣ የቆየ» ትለኛለች።

«አንቺ ሴት፣ ሰውየው ጫማ ጠቦት ቢሆንስ?»

«ለጠበበ ጫማም ኮድ አይጠፋኝም።»

ኢርቢድ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የግል ሆስፒታል፣ ምድር ቤት ክፍል ውስጥ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠናል። እኔ ፋይል አስገባለሁ፣ አስወጣለሁ። እሷ ሐኪሞች የጻፉትን እያነበበች ለየበሽታው የፊደልና የቁጥር መለያ ትሰጣለች። ድርሻዋ አጥንትና መገጣጠሚያ ነው። ጉልበት ውስጥ እንደ ትራስ የተነጠፈችው ልም አጥንት ስትቀደድ፣ አሁን በደረሰ አደጋ ከሆነ መለያው በኤስ ይጀምራል፤ የቆየ ቅድ ከሆነ በኤም። ኢንሹራንሶቹ የሚያዩት ያቺን ፊደል ነው። የራውያም ሕግ አንድ ነው፦ ሐኪሙ ያልጻፈውን አትጽፍም።

አላገባችም። እናቷን እስከ መጨረሻው አስታመመች፣ ቀበረች፤ ከዚያ በኋላ ለራሷ ያሰበችው ነገር ቢኖር የወጥ ቤቷን ወለል ማሳደስ ነበር። ሥራውን የያዘላት ከታች ፎቅ የሚኖረው አቡ ቁተይባ ነው። አርባ ዓመት ተንበርክኮ ሴራሚክ ሲያነጥፍ የኖረ ሰው ነው፤ ከከተማው ወለል ግማሹን በጉልበቱ ያውቀዋል።

የወይራ ለቀማ ሰሞን ነበር። ግማሹን ወለል ጨርሶ፣ አንድ ካርቶን ሴራሚክ ተሸክሞ ደፉ ላይ ሲደርስ እርጥብ ሲሚንቶ አዳለጠው። እግሩ እዚያው ቀረ፣ ገላው ዞረ። «ጉልበቱ ቋ ሲል ሰማሁት» አለችኝ ራውያ በማግስቱ። በረዶ ያዘችለት። ማቅሉባ፣ ሩዝና ሥጋ ተደራርቦ የሚበስለውን፣ ሠርታ ነበርና ድስቱን ገልብጣ አቀረበችለት፤ ወለሉ ላይ እግሩን ዘርግቶ በላ፣ አመሰገነ፣ ግድግዳ ይዞ ወረደ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፋይሉ እሷው ጠረጴዛ ላይ መጣ። ዶክተር ለይስ የጻፈው አጭር ነው፦ የቀኝ ጉልበት ሕመም፣ ለብዙ ዓመታት፤ የልም አጥንት ቅድ፣ የቆየ፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ስለ መውደቅ አንድ ቃል የለም።

አቡ ቁተይባ ኢንሹራንስ ያገኘው ከመውደቁ ጥቂት ወራት በፊት፣ ልጁ በተቀጠረበት ድርጅት በኩል ነው። ውሉ ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረ በሽታ አይሸፍንም። ኤም ከተጻፈ ቀዶ ሕክምናው የለም፤ ከሌለ ሰውየው ዳግም አይንበረከክም፣ ለሥራም ለሰላትም።

«አንዲት ፊደል ናት፤ ለውጪያትና እንረፍ!» አልኳት።

«ሐኪሙ የቆየ እያለ እኔ አዲስ ብል ሁለቱን አስተያይተው ፋይሉን ይወረውሩታል። ደግሞስ ዛሬ ለጎረቤቴ ከዋሸሁ ነገ ለማን እምቢ እላለሁ?»

«ውሸት አይደለም እኮ፤ አይተሻል!»

«ያየሁት ጎረቤት ሆኜ ነው።»

ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ወደ ዶክተር ለይስ ወጥታ ያየችውን ነገረችው። ወጣቱ ሐኪም ደግ ነው፤ አላመናጨቃትም። «እትዬ ራውያ፣ እኔ ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ ስጠይቃቸው፣ ‹ሚስቴን ካገባሁ ቀን ጀምሮ አብራኝ ያለች ጉልበት ናት፣ አልሐምዱሊላህ› አሉኝ። ወድቄ ነው ብለው ራሳቸው ይንገሩኝ እንጂ ዛሬውኑ አርመዋለሁ። ማታ እደውልላቸዋለሁ።»

ያን ዕለት ከሥራ ስንወጣ ተከትያት አቡ ቁተይባ ቤት ሄድኩ። አቡ ቁተይባ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። ሚስቱ ኡም ቁተይባ ገና ከመግባታችን ጀመረች። «አርባ ዓመት ጉልበቴን፣ ወገቤን እያለ እኔን ያደነቁረኛል፤ ሐኪም ፊት ሲቀርብ አንበሳ!»

«አንቺ ሴትዮ፣ እንግዳ ይቀመጥ እንጂ!»

ራውያ ቆማ ነው የተናገረችው። «አቡ ቁተይባ፣ ዶክተሩ አሁን ይደውላል። መውደቅዎን ይንገሩት። ሌላ ምንም አይጨምሩ፣ የሆነውን ብቻ።»

«የት ወደቅክ ቢለኝስ?»

«እኔ ቤት ነዋ!»

ራሱን ነቀነቀ። «አንቺ ቤት ማዕድ ቀምሼ፣ በረዶ በእጅሽ ይዘሽልኝ፣ በዚያች ሴት ቤት ተሰበርኩ ብዬ ወረቀት ላሰጽፍ? በመካከላችን አብረን የበላነው ዳቦና ጨው አለ፣ ራውያ።»

«ማንም እኔን አይጠይቀኝም! ጉልበትዎን ነው የሚጠይቁት።»

«ዛሬ ጉልበት ይላሉ፤ ነገ የማን ደፍ ነው ይላሉ። ቤትሽ ብቻሽን የምትኖሪበት ቤት ነው። ስምሽ በወረቀት ላይ አይዞርም።»

«ለሷ ብለህ ሽባ ልትሆን ነው?» አለች ሚስቱ። አሁን ቀልዱ ጠፍቶባታል።

ስልኩ ጠራ። ሦስታችንም እጁን አየን። «አህለን ዶክተር… አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ… መውደቅ? ኧረ ምን መውደቅ። ዕድሜ ነው፣ ልጄ። የቆየች ናት።» ዘጋና የራውያን ፊት ላለማየት ትራሱን ያስተካክል ጀመር።

በማግስቱ ጠዋት ራውያ ስክሪኑን ከፍታ ረጅም ጊዜ ተቀመጠች። ሻይዋ ቀዘቀዘ። በኤም የሚጀምረውን ጻፈች፣ ቀኝ የሚለውን መረጠች፣ ላከች። ከዚያ ቀጣዩን ፋይል ከፈተች፤ የአንዲት አስተማሪ ትከሻ ነበር።

የኢንሹራንሱ እምቢታ በሁለተኛው ሳምንት መጣ። አቡ ቁተይባ ደረጃውን አንድ አንድ እየወጣ መጥቶ ራሱ ነገራት። እኔም እዚያው ነበርኩ። ወጥ ቤቷ ግማሹ ሴራሚክ፣ ግማሹ ሲሚንቶ ነው።

«መለያው ነው አሉ። የሆነ ፊደል። ማን ነው የሚጽፈው?»

ራውያ ዓይኗን አልሰበረችም። «እኔ ነኝ።»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፤ ለሚያውቀው ባለሙያ ምስክርነት እንደሚሰጥ ሰው። «እንግዲያው ትክክል ነው። ያንቺ ሥራ ንጹሕ ነው።» ጎንበስ ሊል ሞከረ፣ አልቻለም፤ በከዘራው ጫፍ የመጨረሻውን ሴራሚክ መታ መታ አደረገ። «ይሄኛው ተነቃንቋል። የሚጨርስልሽ ሰው እፈልግልሻለሁ።»

«አልፈልግም» አለች ራውያ።

ይኸው ክረምቱ ገባ። አቡ ቁተይባ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰግዳል። የራውያ ወለል እንደዚያው ነው፤ ስታበስል ሲሚንቶው ላይ ትቆማለች። ትናንት ታክሲ ስንጠብቅ አንድ ሽማግሌ እያነከሰ አለፈ። አየችው፤ ወደ ጆሮዬ ግን ጠጋ አላለችም።