የኮሪያው ልጅና አጎቴ

ልጄ የኮሪያ ድራማ ማየት የጀመረች ሰሞን ትዕግስቴ አለቀ። ሁለት የደረሱ ወጣቶች አንድ ቢሮ ይሠራሉ፣ ይዋደዳሉ፣ ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አይሉም። ልጁ ጃንጥላ ይዞላት ይሄዳል፤ እጇን ሊይዝ ሲል ስልክ ይጮሃል። «ይሄ ፈዛዛ» እያልኩ ከወጥ ቤት ብቅ እልና እዚያው ቆሜ እቀራለሁ።

በዚያው ሰሞን አጎቴ ጉልበታቸውን ሊታከሙ ከመካነ ብርሃን ጎንደር መጥተው እኛ ቤት አረፉ። አንድ ማታ ድራማውን አብረውን ሲያዩ፣ ልጁ የልጅቱን አባት አይቶ ጎንበስ ብሎ እጅ ሲነሳ፣ አጎቴ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ከሶፋው ብድግ አሉና አጸፋውን መለሱ። ልጄ ሳቀች።

«ምነው ትስቂያለሽ? ሰው እጅ ሲነሳ ተቀምጦ ይታያል?» አሏት።

ከዚያ ወዲያ በድራማው ሰው በጎነበሰ ቁጥር አጎቴ ይነሳሉ። ኮሪያ ደግሞ ሰው ሲጎነብስ ነው የሚውለው። የእኔን ፈዛዛ «ሸጋ አስተዳደግ ያለው ልጅ» አሉት፤ ቸኩሎ ሰው ስለማያሳፍር።

ድራማው ሳያልቅ አገራቸው ተመለሱ። ከሰነበቱ በኋላ ደወሉ። ስለ ጉልበታቸው ልጠይቅ ስል ቀደሙኝ።

«ያ ልጅ ሽማግሌ ላከ ወይ?»

«ኧረ አያ፣ ራሱ ነገራት። መንገድ ላይ፣ ዝናብ እየዘነበ።»



«ምነው፣ ለስንቱ እጅ ሲነሳ ኖሮ አንድ የሚልከው ሰው አጣ? ጉልበቴ እንደሆነ ተሽሎኛል፤ እኔ እሄድለት አልነበር?»